የተመለሰ ወተት

ፋና ለኢንተርንሺፕ ከመውጣቷ በፊት መምህሩ ክፍሉን ሰብስበው መከሩ። «ፈገግ በሉ። ጠይቁ። የታዘዛችሁትን ሥሩ። ከአለቃ ጋር አትጋጩ። ይችን አራት ወር ብትታገሡ ዕድሜ ልካችሁን ትበሉባታላችሁ።» ተማሪው ሁሉ አጎንብሶ ጻፈ። ፋናም ጻፈች። የታዘዝነው ነገር ውሸት ቢሆንስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ማን ይጠይቃል? ሥራ ጠፍቶ ዲግሪ ፍራሽ ሥር በሚያድርበት ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደ ቅንጦት ነው የሚታየው። ቅንጦት አለመሆኑን ለፋና ያሳያት ሁዳዴ ነው።

በአዊ አገር የአዘና ገበሬ ልጅ ናት። እቤቷ አዊኛ፣ ትምህርት ቤት አማርኛ ስትናገር አድጋ ምግብ ምህንድስና ገባች፤ የመጨረሻው ዓመት ላይ ደረሰች። ታላቅ ወንድሟ እንግዳውም ተመርቋል፣ ያውም በማዕረግ። አሁን ጫግኒ ላይ የሰው ባጃጅ ይነዳል። እናታቸው ስለ እሱ ሲጠየቁ «ሾፌር ነው» ብለው ዝም ይላሉ፤ ዲግሪውን አያነሡም። ፋና ያችን ዝምታ ትፈራታለች። አንድ ቀን ስለ እኔም እንዲህ ዝም ይላሉ ብላ ታስባለች።

ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ያለው የወተት ፋብሪካ ደግሞ በየዓመቱ ከተለማማጆቹ አንዱን አስቀርቶ ይቀጥራል። በዚያ ዓመት ዕድሉ የደረሰው ለእሷና ደሴ ለሚባል የዳንግላ ልጅ ነበር። አንዱ ይቀራል፣ አንዱ ይሸኛል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም።

የመጀመሪያውን ሰሞን ፎቶ ኮፒ ስታነሳና ሻይ ስታመላልስ ዋለች። ስሟም ተረሳ። «ኢንተርኗ፣ ያንን ወንበር አምጪው።» «ኢንተርኗ፣ ካርድ ግዢልኝ እስቲ።» ደሴ ይህን ሁሉ በፈገግታ ሠራው፤ ደግ ልጅ ነው፣ ሆድ የለውም። ፋና ግን አንጀቷ ያርር ጀመር። ወላጆቿ በሬ ሸጠው ያስተማሯት ሻይ ስትይዝ እንዳይደፋ ነው? አንድ ጧት ትሪውን አስቀምጣ ላቦራቶሪው በር ላይ ቆመች።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አለቻት የላቦራቶሪ ባለሙያዋ እህተማርያም፣ ቀና እንኳ ሳትል።

«ዕቃ ልጠብ።»

«ዕቃ የሚያጥብ ሰው አለን።»

«እያጠብሁ አያለሁ። አላወራም።»

እህተማርያም ያን ጊዜ ቀና አለች። «የማታወራ ኢንተርን? ኧረ ግቢ፣ አይቼ አላውቅም!»

ሰንብታ ታጥባቸው በነበሩት የመስታወት ቱቦዎች ራሷ መሥራት ጀመረች። እህተማርያም ቁጡ ብትሆንም ያወቀችውን የምትደብቅ ሴት አልነበረችም። «እኩል ወተት፣ እኩል አልኮል። አናውጪው። ቱቦው ላይ እንደ ፍርፋሪ ከተለጣጠፈ ወተቱ መኮምጠጥ ጀምሯል፤ እሳት ላይ ሲወጣ ይቋጠራል፣ አንቀበልም። ልስልስ ብሎ ከወረደ ግን ደህና ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«መቅመስስ?»

«በፍስክ ትቀምሻለሽ። በጾም አፍንጫሽና ቱቦው ይበቁሻል፤ ምላስሽን ሰብሰብ።»

ፋና የወተት አሰባሰብ ኃላፊው የአቶ አየነው ዐይን ውስጥ የገባችው አዊኛ በመቻሏ ነው። አቶ አየነው ሸሚዙን ተኩሶ የሚለብስ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ነው መፍራት። ገበሬው ቋንቋውን የሚናገር ሰው ሲያገኝ ደስ ይለዋል ብሎ፣ በየጧቱ ግምጃ ቤት በምትባለው ከተማ ወዳለው የወተት መረከቢያ በፒካፕ ይዟት ይሄድ ጀመር። ፋና በደስታ እንቅልፍ አጣች። መለካት፣ መፈተሽ፣ መረከብ፤ የተመኘችው ሁሉ እጇ ገባ። ደሴ ሻይ እያመላለሰ ቀረ።

ግምጃ ቤት ላይ ሴቶቹ ገና ብርዱ ሳይለቅ ይሰለፋሉ። አንዳንዷ በፈረስ ጋሪ፣ አንዳንዷ በጀርባዋ፣ ወተቷን በቢዶን ይዛ ትመጣለች። ከሁሉ ቀድማ የምትደርሰው ማናለብሽ ናት፤ ረጅም፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ጥርሷ ለሳቅ ቅርብ የሆነ ሴት።

«የእኛ ዶክተር መጣች!» ትላለች ፋናን ስታይ፣ በአዊኛ። «እስቲ ላሜን ምን አሟት እንዳደረች ንገሪኝ።»

«ላምዎ ደህና ናት፣ እትዬ። ምላስዎ ነው የሚያስፈራው።»

«ለእሱ መድኃኒት አላገኙለትም፤ ባሌም ጠይቋል!»

ሰልፉ በሳቅ ይፈርሳል። ፋና ወተቱን በቱቦ አይታ «ደህና» ስትል ማናለብሽ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ሌሎቹን ታያለች። ያ አስተያየት ብቻውን ብዙ ይናገራል። በዚያ አገር ወተቷ የተመሰገነላት ሴት እጇ ተመሰገነ ማለት ነው። ወተቷ የተመለሰባትስ? ማንም አፍ አውጥቶ አይናገራትም። ዕቃ የማታጥብ፣ የማለቢያ ግሬራዋን የማታጥን ሴት ተብላ ግን ከሰልፉ እስከ ቤተ ክርስቲያን በር በዐይን ትሸኛለች። የምትዳር ልጅ ያላት እንደሆነ ደግሞ ዐይኑ ከእናቲቱ አልፎ ልጅቱ ላይ ያርፋል። ማናለብሽ ልጇን እህቴነሽን ለዳግማዊ ትንሣኤ ልትድር ቀጥራ ነበር። የሙሽራው እናት ሀይማኖትም እነዚህ ሴቶች ያቋቋሙት የወተት አቅራቢዎች ማኅበር አባል ነበረች፤ ሁልጊዜም ከኋላዋ ነው የምትሰለፈው።

ማኅበሩ ሲቋቋም ፋብሪካው የገባላቸው ቃል ነበር። «በፍስክም በጾምም እንወስዳለን። ቅቤ መናጡን ተዉት፤ ወተቱን ለእኛ ስጡ።» ሴቶቹም አመኑ። መናጫውን ሰቀሉ። ከውሉ ደንቦች አንዱ ደግሞ፣ ወተቷ ሦስት ጊዜ የተመለሰባት አባል ትሰረዛለች ይላል። ንጽሕና ለማስጠበቅ ነው ተባለ፤ መልካም ደንብ መስሏቸው ተስማሙ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ከተማው ወተት መጠጣት አቆመ። ላም ግን ጾም አታውቅም።

በጾሙ መጀመሪያ ሳምንት፣ ወደ ግምጃ ቤት ሲሄዱ፣ ፋና ከሱቅ የገዛችውን ብስኩት ለአቶ አየነው ዘረጋችለት። ወረቀቱን አገላብጦ አነበበው፤ ወተት አለበት ይላል። መለሰላት። «ጾም ነው እኮ፣ ፋና! አንቺም አትብይው።» ከዚያ በዚያው በለሰለሰ ድምፅ ቀጠለ። «ዛሬ ግማሹን ወተት ትመልሻለሽ።»

«ምን ሆኖ?»

«ማቀዝቀዣ ጋኑ ሞልቷል። ወስደን የት እናደርገዋለን?»

«ታዲያ ሞልቶብናል እንበላቸዋ።»

አቶ አየነው ፈገግ አለ። «እንደሱ ካልናቸው ውል አፍርሰናል ማለት ነው። ወተቱ ተበላሽቷል ካልን ግን ያጠፉት እነሱ ናቸው። ደንቡ የተጻፈው ለዚህ ነው።»

«ወተቱ እኮ ደህና ነው።»

«ደህናነቱን የሚወስነው ፋብሪካው ነው። ስሚኝ፤ አንቺን ለማስቀረት ስምሽን ከፍ አድርጌ ይዤዋለሁ። ደሴ እንኳ፣ ያዘዙትን ይሠራል። አንቺ ታስቸግሪያለሽ ብዬ አላስብም።»

ፋና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። የግራር ማሳው በጭጋግ ውስጥ ያልፋል። ወንድሟን እንግዳውን አሰበችው፣ ባጃጁ ላይ ተቀምጦ «ጫግኒ መናኸሪያ፣ አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ። የእናቷን ዝምታ አሰበች። አልመለሰችለትም። አለመመለሷን እሱ እሺታ አድርጎ ወሰደው፤ አልተሳሳተምም።

ማናለብሽ እንደ ልማዷ ቀድማ ደረሰች። «ዶክተር፣ እስቲ ዛሬ ማን ታመመ?»

ፋና ወተቱን ቀዳች፣ አልኮሉን ጨመረች፣ አናወጠችው። ልስልስ ብሎ ወረደ። አቶ አየነው ከኋላዋ ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማታል።

«አይሆንም፣ እትዬ» አለች።

«ምኑ?»

«ወተቱ። ተበላሽቷል።»

ማናለብሽ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነበር። ከዚያ የፋናን ፊት አየችና ሳቋ ቀረ። ቢዶኗን ከደነች። ከኋላዋ የሙሽራው እናት ሀይማኖት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ መሬት አየች። ያን መሬት ማየት ፋና እስከ ዛሬ አልረሳችውም። ማናለብሽ አንድ ቃል ሳትናገር ሄደች፤ ምላሷ የማያርፈው ሴትዮ!

ያን ቀን የሌሎችም ወተት ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ፋና ላቦራቶሪ ገብታ ለእህተማርያም ነገረቻት። እህተማርያም ቱቦ ማጠቧን አላቆመችም። «አውቃለሁ። ዓምናም እንዲሁ ነበር።»

«አውቀሽ ዝም አልሽ?»

«አንቺ ብቻሽን ነሽ። እኔ ልጆች አሉኝ። ከዚህ ወጥቼ የት ልግባ?» ድምፅዋ ተቆጥቶ ነበር፤ የተቆጣው ግን ፋናን አልነበረም።

እንዲህ ነው እንግዲህ የሚኬደው። አንዷ ልጆች ስላሏት ዝም ትላለች፣ አንዷ ልጅ ስለሆነች ዝም ትላለች፤ በመካከል ንጹሕ ሴት ቆሻሻ ትባላለች። የሥራ ልምድ ብለው የሚጽፉልን ይህንን ከሆነ፣ ወረቀቱን ለራሳቸው ያስቀምጡት!

በማግስቱ ማናለብሽ ተመልሳ መጣች። በአንድ እጇ ቢዶኑን፣ በሌላው በነጠላዋ የሸፈነችውን ግሬራ ይዛለች፤ ላሟን የምታልብበትን። መጀመሪያ ያቀረበችው ግሬራውን ነው።

«አሽትች» አለች። እንደ ወትሮው ጮክ አላለችም።

ፋና አፍንጫዋን አቀረበች። የወይራ ጢስ ነው፤ ውስጡ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። የሴትዮዋ ጣቶች ከመፈግፈግ ብዛት ተልጠዋል።

«ትናንት ስፈገፍገው ዋልሁ። ሁለት ጊዜ አጠንሁት። ልጄ እህቴነሽም አብራኝ ፈገፈገች፣ እያለቀሰች። አሁን ንገሪኝ፤ እናትሽ ብሆን የምትነግሪኝን ንገሪኝ። ምኑን ነው ያጎደልሁት?»

 አቶ አየነው ከፒካፑ ወርዶ መጣ። ሰልፉም ተጠጋ፤ ትናንት የተመለሰባቸው ሁሉ ዛሬ አፋቸውን አልያዙም።

«ምንድን ነው?» አለ።

«ወተቴን እዩልኝ፣ ጌታው» አለች ማናለብሽ። «ትናንት ተበላሸ ተባልሁ። ዛሬ እዚሁ፣ ሰው ፊት፣ ይታይልኝ።»

አቶ አየነው ዙሪያውን አየ። ያለቀጠሮ የመጣ ነገር አይወድም። ቢዶኑን ተቀብሎ በኩባያ ቀዳና ከመኪናው ወዲያ ማዶ ዞረ። ወዲያው ተመለሰ፤ ኩባያው ባዶ ነው።

«ቀመስሁት» አለ። «ኮምጥጧል። አዝናለሁ፣ እናቴ፤ ይህ ሁለተኛሽ ነው።»

  ሴቶቹ ማናለብሽን ትተው እሱን ያዩ ነበር።

«ቀመሱት?» አለች ማናለብሽ፣ ቀስ ብላ።

«አዎ፣ ቀመስሁት።»

«በሁዳዴ?»

አቶ አየነው ባዶውን ኩባያ መኪናው ላይ አስቀመጠ። ከአንገቱ የወረደው ማተብ ከተተኮሰው ሸሚዝ ላይ ይታያል። ከሰልፉ አንዷ አማተበች።

«ኧረ ዝም በሉ እናንተ» አለች ሌላዋ ከወደ ኋላ፣ «ሰውየው ታመው ይሆናል። ለታመመ ተፈቅዷል።»

«ታመው ከሆነማ እግዜር ይማርዎት!»

«መልካቸው ግን የታመመ አይመስልም እቴ!»

ሳቁ ፈነዳ። የሚያስቅ ብቻ ግን አልነበረም፤ የሚነክስም ነበር። ሰውየው ወይ ጾም ሽሯል፣ ወይ ዋሽቷል። መሬቱ ላይ፣ ከመኪናው ጎማ አጠገብ፣ ነጭ ፈሳሽ ወደ አቧራው ሲሰርግ ፋና ከቆመችበት ታየዋለች። አልቀመሰውም። ደፍቶታል።

አቶ አየነው ወደ እሷ ዞረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። «ምላስ ምን ያደርጋል! መሣሪያ አለ። ፋና ትናንት በመሣሪያ አይታዋለች። ፋና፣ ንገሪያቸው! በቋንቋቸው ንገሪያቸው!»

ሁሉም አዩዋት። ከመኪናው ወዲያ ወደ አዘና የሚወስደውን መንገድ የምታይ መሰላት፤ በዚያ መንገድ ሥራ ሳትይዝ ስትመለስ፣ እናቷ በር ላይ ቆመው። የምትለው አንዲት ቃል ናት። «አዎ» ካለች ትቀራለች፤ ነጭ ጋውን፣ ደመወዝ፣ ስሟ የተጻፈበት መታወቂያ። 

ከዚያ ጎንበስ ብላ የመፈተሻ ዕቃዎቹን ሳጥን ከፈተች።

ንጹሕ ቱቦ አወጣች። ከማናለብሽ ቢዶን ቀዳች። «ወተት ይኸውና» አለች በአዊኛ፤ ከዚያ ለማይሰሙት በአማርኛ ደገመችው። «አልኮል ደግሞ በእኩል ልክ። አሁን አናውጠዋለሁ። እትዬ፣ ይያዙት እስቲ፣ ለራስዎ ይዩት።»

ማናለብሽ ቱቦውን በተላጡት ጣቶቿ ይዛ ወደ ብርሃኑ አነሣችው። ልስልስ ብሎ ወረደ።

«የተበላሸው ደግሞ እንዲህ ነው።» ፋና መኪናው ውስጥ ተረስቶ ካደረ የናሙና ጠርሙስ ቀድታ እንዲሁ አደረገች። በሁለተኛው ቱቦ ወተቱ ፍርፋሪ ሆኖ ተለጣጠፈ። ሁለቱ ቱቦዎች ከእጅ ወደ እጅ ሄዱ። ሀይማኖት ተቀብላ ረዥም ጊዜ አየቻቸው፤ ቀና ስትል ዐይኗ የፈለገው ማናለብሽን ነበር።

«በቃ፣ ፋና» አለ አቶ አየነው።

«የትናንቱም እንደ ፊተኛው ነበር» አለች ፋና። «ደህና ነበር። የሁላችሁም ደህና ነበር። የመለስሁት እኔ ነኝ። ጋኑ ሞልቶ ነው።»

 ማናለብሽ ወደ አቶ አየነው ተጠጋች። «ሞልቶብን ነው ብትሉን እኮ እንንጠው ነበር! ለፋሲካ ቅቤ ገዢ አጥተን ነው? መናጫችንን እናንተው አሰቀላችሁን፤ ደግሞ ቆሻሻ አላችሁን!» ከዚያ ወደ ፋና ዞረች። ፋና እቅፍ ወይም ምርቃት ጠብቃ ከነበረ አላገኘችውም። «አንቺም ትናንት እንዲህ አድርገሽ ቢሆን፣ ልጄ አታለቅስም ነበር» አለቻት።

ልክ ናት። ይህንን የምንጽፈው ፋናን ጀግና ለማድረግ አይደለም። አንድ ቀን ዘግይታለች፤ የዘገየችበትን ቀን ደግሞ ሌላ ሰው ነው የከፈለው።

ያን ጧት የመጣው ወተት በሙሉ ተጫነ።  ፋብሪካው በር ላይ ሲደርሱ አቶ አየነው «በእጅሽ ነበር እኮ» አላት። «ሥራውን ይዘሽው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ነካሽ?»

«እርስዎ ጾም ነው ብለው ብስኩቱን መልሰውልኝ የለ? እኔ ደግሞ ውሸቱን መለስሁልዎ» አለችና ወረደች።

ከዚያ በኋላ ግምጃ ቤት አልተላከችም። ቀሪውን ጊዜ ፎቶ ኮፒ ስታነሳ ጨረሰችው። በሳምንቱ ግን የማኅበሩ ሴቶች በአንድነት መጥተው ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተነጋገሩ፤ ፋብሪካውም በጾም ጋኑ ሲሞላ በግልጽ እንዲናገር፣ በተራ እንዲረከብ ተስማማ። ሞልቷል ለማለት ይህን ያህል ጭንቅ! መናጫዎቹ ወረዱ። «የተመለሰ» ተብሎ የተመዘገበባቸው ሁሉ ተሰረዘ። የእህቴነሽ ሠርግም በቀጠሮው ዋለ።

ፋና የምዘናዋ ውጤት ሲመጣላት ዝቅተኛ ነበር። «ከቡድን ጋር ተግባብቶ መሥራት ይከብዳታል» ይላል። ቡድኑ የትኛው እንደሆነ አይገልጽም። የቀጠሩት ደሴን ነው። መምህሯ ራሳቸውን እየነቀነቁ ዕድሏን እንዳልተጠቀመችበት ነገሯት። ከዚያ ፋብሪካ ከእሷ የበለጠ የተማረ ኢንተርን ካለ ይምጣና ይናገር!

ከተመረቀች በኋላ ጫግኒ ወንድሟ እንግዳው ጋ ሆና ሥራ ስትፈልግ፣ አንድ ጧት ስልኳ ጮኸ። ደሴ ነው፤ ከግምጃ ቤት።

«ፋና፣ እነዚህን ሴትዮዎች ምን አድርገሻቸው ነው የሄድሽው? ቱቦውን ከእጄ ቀሙኝ እኮ! ማናለብሽ የሚሏት፣ 'ከፊታችን አድርገው፣ ወደ መኪናው እንዳትዞር' ትለኛለች። አልኮሉን ራሷ ነው የምትለካው።»

«በደንብ ትለካለች?»

«ከእኔ ትሻላለች።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁዳዴ ሲገባ ግን... አለቃው ደህናውን ወተት መልስ ቢለኝስ? ምን አደርጋለሁ?»

ፋና በመስኮቱ የእንግዳውን ባጃጅ አየች፤ ተሳፋሪ እየጠበቀ ቆሟል።

«መልሰዋ» አለችው። «እነሱ ቱቦውን ይዘው እያዩህ መመለስ ከሆነልህ።»